9ኛ ክፍል ሙዚቃ፦ 54 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ መሣሪያ የለም። እናንተ ክፍል ውስጥ ምን ታሠራላችሁ?

ብሌን_መምህርት
ጥቅምት 11፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛና 10ኛ ክፍልን ሙዚቃ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ 40 ደቂቃ። በአንድ ክፍል 54 ልጆች አሉ። ያለን መሣሪያ አንድ ኪቦርድ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። ክራር አለ ተብዬ መጋዘን ገብቼ ባየው ሁለት ክሩ ተበጥሷል፣ ቆዳው ተቀዷል።

የጀመርኩት እኔ ራሴ በተማርኩበት መንገድ ነበር። አምስቱን መስመር ሰሌዳ ላይ አሰመርኩ፣ ትሬብል ክሌፍ ሣልኩ፣ ሙሉ ኖታ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያልኩ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ ከተቀመጡት ግማሾቹ የሒሳብ የቤት ሥራ ሲሠሩ ግማሾቹ ዴስክ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ደወል ሲደወል ግን እነዚያው የተኙት ልጆች ኮሪደር ላይ ቆርቆሮውን በር እየመቱ ይዘፍናሉ። ምታቸው ዝንፍ አይልም። ቆሜ አዳመጥኳቸውና ሆዴ ባባ። ሙዚቃው እነሱ ጋ ነበር፤ ክፍሌ ውስጥ ግን አልነበረም።

እባካችሁ፣ በትልቅ ክፍል፣ ያለ መሣሪያ ሠርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። «ተማሪ ተኮር ይሁን» የሚለውን በሥልጠና ሰምቼዋለሁ፤ የምፈልገው ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ገብቼ የማሠራውን ነው።

ጋሽ_ከበሮ
ጥቅምት 11፣ ማታ 3፡25

እህቴ፣ አይዞሽ። ደሴ ውስጥ 23 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አንቺ ያየሽውን የኮሪደር ዘፈን እኔም አይቼዋለሁ። መጀመር ያለብሽ ከዚያው ከበሩ ነው።

ሰኞ ስትገቢ ምንም አትጻፊ። አቁሚያቸው። ሁሉም እስከ ስድስት ይቁጠሩ፣ እየደጋገሙ፣ ቀስ ብለው፦ 1 2 3 4 5 6፣ 1 2 3 4 5 6። ቁጥሩ አንድ ላይ ሲሆን (ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ አትቸኩዪ) በመስኮት በኩል ያሉት 1 እና 4 ላይ ብቻ ያጨብጭቡ። በበሩ በኩል ያሉት ደግሞ 1፣ 3 እና 5 ላይ። አንዱ ወገን ስድስቱን ለሁለት ከፈለው፣ ሌላው ለሦስት። የሚገናኙት 1 ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይረበሻል፣ ይስቃሉ፣ አንዱ ወገን ሌላውን ይጎትታል። ከዚያ በድንገት ይገጥማል። ሲገጥም ልጆቹ ፊት ላይ ታዪዋለሽ፤ ትከሻቸው ራሱ ይነግርሻል። የጭክጭካው ምት ማለት ይኸው ነው፤ በየሠርጉ ሲጨፍሩበት ያደጉት።

ቀጥለሽ ቁጥሩን በአፋቸው እንዳያሰሙ፣ በልባቸው ብቻ እንዲቆጥሩ አድርጊ። ይህ ነው ከባዱ። በልብ የሚቆጥር ልጅ ሙዚቀኛ ሆኗል እልሻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ወገኖቹን አለዋውጪ። በሦስተኛው አንድ ልጅ ብቻውን እግሩን 1 እና 4 ላይ፣ እጁን 1፣ 3፣ 5 ላይ እንዲያደርግ ጠይቂ። የመጀመሪያ በጎ ፈቃደኛሽ ምናልባት ያ ሒሳብ ሲሠራ የነበረው ልጅ ይሆናል።

የሚኒባስ_ልጅ
ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡15

ጋሼ ያሉት ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የማሠራትን ልጨምር። ልጆቹ ጠዋት ከታክሲ ወርደው ስለሚመጡ የረዳቶቹ ጥሪ ገና ጆሯቸው ውስጥ አለ። «ትናንት ምን ሲጣራ ሰማችሁ?» እላቸዋለሁ። መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ ይላሉ። እንግዲህ ቃሉን ስበሩት፦ መ-ገ-ና-ኛ አራት፣ ሜክ-ሲ-ኮ ሦስት፣ ቦ-ሌ ሁለት።

ክፍሉን ለሦስት እከፍላለሁ። ሁሉም በእኩል ፍጥነት ሳያቋርጡ ቃላቸውን ይደጋግማሉ፤ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጠበቅ ያደርጋሉ። እኔ ዴስክ እየመታሁ እስከ 12 እቆጥራለሁ። በ12 ውስጥ መገናኛ ሦስት ጊዜ፣ ሜክሲኮ አራት ጊዜ፣ ቦሌ ስድስት ጊዜ ይባላል፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሦስቱም እኩል እንደገና ይነሳሉ። ከዚህ በኋላ «ሜዠር (በጠበቀ ምት የሚጀምር አንድ ዙር) ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱን ከደብተር አይፈልጉም።

አንድ ምክር፦ መጀመሪያ በሹክሹክታ ይሁን። እኔ በሙሉ ድምፅ አስጀምሬ የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን አንኳኩቶብኛል፤ ልክም ነበረ፣ ፈተና ላይ ነበሩ። ደግሞም በሹክሹክታ ሲሆን እርስ በርስ መደማመጥ ይጀምራሉ።

ሌላው የቤት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከሰፈሩ አንድ ድምፅ በስልክ ቀድቶ ወይም በጆሮው ይዞ ይመጣል። ቁራሌው፣ ሙቀጫ፣ የወፍጮ ቤት፣ የብረታ ብረት ቤት። አንዲት ልጅ የእናቷን ቡና መውቀጥ ቀድታ መጣች። መጀመሪያ እኩል እኩል ይወርዳል፤ ቡናው ሲደቅ ምቱ እየፈጠነ፣ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አሰማኋቸው። «እየፈጠነ መሄድን» ለማስተማር ከዚያ ወዲህ ሌላ ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም።

ኖታ_ወዳድ
ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 8፡05

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጭብጨባና ጨዋታ ብቻ ሆኖ ኖታ ከቀረ ልጆቹን እየበደልናቸው ነው። እኔ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የተመረቅኩት። ስገባ ኖታ ማንበብ አልችልም ነበርና የመጀመሪያው ዓመት እንባ ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ግን ግድግዳ ሆነብኝ። ከ54ቱ ልጆች አንዷ እንኳ ወደዚያ ልትሄድ ብትፈልግ ቀድማ የምታውቀው ነገር ያስፈልጋታል።

ኖታ ደግሞ ትናንት የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ባንድ ሆነዋል። በወረቀት የሚነበብ ሙዚቃ በዚህች ከተማ አንድ መቶ ዓመት ሞልቶታል። ለምን ለልጆቻችን ከባድ ነው ብለን እንተወዋለን?

ጋሽ_ከበሮ
ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 9፡30

ልጄ፣ ማንም ይቅር አላለም። ጥያቄው የትኛው ይቅደም ነው። ሕፃን ልጅ «ሀ»ን ከማወቁ በፊት ሦስትና አራት ዓመት ያወራል። ያወራውን ነው ኋላ የሚጽፈው። አንተ ያኔ ያለቀስከው ኖታው ስለዘገየብህ ብቻ አይመስለኝም፤ ጆሮህ ውስጥ ካለው ጋር ሳያገናኙልህ ስለቀሩ ነው። ብሌን ክፍል ውስጥ ልጆቹ መገናኛና ሜክሲኮን አንድ ወር ካሉ በኋላ አራት ባለ ስምንተኛ ኖታ ጽፈህ «ይህ መገናኛ ነው» በላቸው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ያነቡታል።

ኖታ_ወዳድ
ጥቅምት 12፣ ምሽት 12፡50

ይህን እቀበላለሁ ጋሼ። እንግዲያው ቁርጥ ያለ ጊዜ ይቀመጥለት፤ «ኋላ» ሲባል ሰኔ ይደርሳል። እኔ ብሆን ከአምስተኛው ሳምንት አላሳልፈውም።

ፊዚክስ_10ኛ
ጥቅምት 13፣ ጠዋት 3፡10

የሙዚቃ መምህር አይደለሁም፤ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ስለ ድምፅ ሳስተምር የምሠራውን ለእናንተ ልስጣችሁ፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትጠቀሙበታላችሁ።

አምስት እኩል የለስላሳ ጠርሙስ፣ ውሃ፣ አንድ ስልክ ላይ የተጫነ ነፃ የመቃኛ አፕ። በጠርሙሱ አፍ ላይ አግድም ሲነፋ ውስጥ ያለው አየር ይርገበገባል። ውሃ ሲጨመር አየሩ ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲቀነስ ይወፍራል። (ጠርሙሱን በማንኪያ ከመቱት ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ውሃ በበዛ ቁጥር ይወፍራል፤ የሚርገበገበው ብርጭቆውና ውሃው ራሱ ነውና። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት የሚነሳው ክርክር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበላል፣ አትከልክሏቸው።)

በትዝታ ሜጀር ቃኟቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። አምስት ልጆች፣ አምስት ጠርሙስ፤ አንድ ጠርሙስ ለአንድ አፍ ብቻ፣ በኋላ በሳሙና ይታጠባል። ስድስተኛ ልጅ በጣቱ እያመለከተ ዜማ ያወጣል። የክፍሉ ቀሪ ልጆች በየተራ መሪ ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል የእኔ ሙያ ስላልሆነ እዚሁ ላቁም።

ኖታ_ወዳድ
ጥቅምት 13፣ ጠዋት 4፡00

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ልቀጥል፣ ደስ ስላለኝ። ሚ እና ላ ከሚባሉት ሁለት ጠርሙሶች ጥቂት ውሃ አፍስሱ፤ ግማሽ ድምፅ ዝቅ እስኪሉ። ያንኑ ዜማ አሁን ንፉት። ትዝታ ማይነር ሆነ። ልጆቹ «አዘነ» ይሏችኋል፤ ማንም ሳይነግራቸው።

አሁን ደግሞ ጠርሙሶቹን ሳትነኩ፣ ዜማው ሶ ላይ ጀምሮ ሶ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። አምባሰል ነው! ያው አምስት ድምፅ፣ ቤቱ ብቻ ተቀየረ። ይህን እኔ ራሴ የተረዳሁት በሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ በውሃና በጠርሙስ በ9ኛ ክፍል ቢያሳዩኝ ኖሮ!

ለባቲ ግን እንደገና መቃኘት አለባችሁ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ።

ቅዳሜ_ትምህርት
ጥቅምት 13፣ ማታ 4፡20

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ የአበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ለሙዚቃ ሰጥቻታለሁ። የእኔ ችግር ከብሌን ጋር ተቃራኒ ነው። ልጆቼ በትምህርት ቤታቸው ባንድ ውስጥ ክላሪኔት፣ ትራምፔት ይነፋሉ፣ ኖታ እንደ ውሃ ያነባሉ። ቅኝቱ ግን ጆሯቸው ውስጥ የለም፤ መኪና ውስጥ አባታቸው ሲከፍት የሚሰሙት «የወላጅ ዘፈን» ነው።

አንድ ቀን አንቺሆዬን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶ ፍላት፣ ላ። የ14 ዓመት ልጅ በክላሪኔቱ ነፋውና «ይህ ስህተት አለው» አለኝ። ስህተት የለውም፣ እንደገና ንፋው፣ ቀስ ብለህ፣ ዶ ላይ እረፍ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ሌላዋ ልጅ ቀና ብላ «ይሄ እኮ የአክስቴ ሠርግ ላይ ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስህተት» የሚለው ቃል ከክፍላችን ወጣ።

ለብሌን የምላት፦ ኪቦርዱ መብራት ሲኖር ለዚህ ይጠቅምሻል። አራቱን ቅኝቶች በአራት ቀለም ወረቀት ቁልፎቹ ላይ ለጥፊ። ልጁ ሰማያዊዎቹን ብቻ እየነካ ያሻውን ይጫወት፤ ከቅኝቱ የሚወጣበት መንገድ የለም። ፈርቶ የማያውቅ ልጅ ነው ዜማ የሚፈጥረው።

ብሌን_መምህርት
ጥቅምት 14፣ ምሽት 1፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ወንዶቹ ልጆች ድምፃቸው እየጎረነነ ነው፤ ዘምሩ ስላቸው ይሰነጠቅባቸዋል፣ ሌላው ይስቃል፣ ከዚያ አፋቸውን አይከፍቱም። ሁለተኛ፣ በእምነታቸው ምክንያት ዘፈን መዝፈን የማይፈልጉ ልጆች አሉ። አንድ ወላጅም መጥተው አነጋግረውኛል፤ በአክብሮት ነው ያነጋገሩኝ፣ እኔም በአክብሮት መመለስ እፈልጋለሁ።

ጋሽ_ከበሮ
ጥቅምት 14፣ ማታ 2፡10

ስለ ድምፁ፦ የሚሰነጠቅበትን ልጅ ዜማ አታውጪው። እንደ እሱ ያሉትን ሰብስበሽ አንድ ድምፅ ብቻ አስይዣቸው፤ በሚመቻቸው ወፍራም ድምፅ «ም…» ብለው ረጅም ይያዙ፣ በየተራ እየተነፈሱ እንዳይቋረጥ። ሌሎቹ በላያቸው ላይ ዜማውን ያዜሙ። እነዚያ ልጆች ወለል ይሆናሉ፤ ወለል ከሌለ ማንም አይቆምም። ይህን አስረጂያቸው፣ ይኮሩበታል። አንድም ልጅ ብቻውን እንዲዘፍን አታዢ፤ ራሱ ካልጠየቀ በቀር።

ሐይቅ_ዳር
ጥቅምት 14፣ ማታ 2፡55

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ፤ ሙስሊም ነኝ፣ ወሎ ነው የማስተምረው፣ ከወላጆች ጋር ስለዚህ ብዙ ተነጋግሬያለሁ።

መጀመሪያ ወላጁን አመስግኚ፤ ልጁን የሚከታተል ወላጅ ነው። ከዚያ ክፍል ውስጥ የምታሠሪውን ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። እኔ ስነግራቸው አብዛኞቹ የሚከፋቸው ዘፈኑ ውስጥ ያለው ግጥም እንጂ መቁጠሩና ማዳመጡ እንዳልሆነ አይቻለሁ። የማይዘፍን ልጅ ምት ይይዛል፣ ይቀዳል፣ ግጥም ይጽፋል፣ የሌላውን ሥራ አዳምጦ አስተያየት ይሰጣል። ከዚህ አንዱንም የማይፈልግ ቢኖር ሌላ ሥራ ስጪው፤ ክፍሉ ፊት ግን ምክንያቱን እንዳትጠይቂው። ያንን ቀን አይረሳውም።

ማዳመጥ ሲሆን ደግሞ ከሁሉም ቤት የሆነ ነገር ይኑር። እዚህ እኛ ጋ መንዙማ ስታሰሚ ጥግ ላይ ዝም ያለው ልጅ ቀና ይላል። አንዱ አውጥቶ ሌላው እየተቀበለ የሚሄድበትን ቅርጽ መንዙማውም፣ ሆያ ሆዬውም፣ የመስክ ሥራ ዜማውም አላቸው። «አውጪው ማነው፣ ተቀባዩስ ስንት ጊዜ ተቀበለ?» ብለሽ ወረቀት ላይ አስቆጥሪያቸው። ስለ ሃይማኖት ሳትከራከሪ ቅርጽ አስተማርሽ።

የድጓ_ልጅ
ጥቅምት 15፣ ጠዋት 1፡50

በልጅነቴ ድጓ ተምሬያለሁ፣ አሁን 11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ኖታ ወዳድ ስለ ወረቀት ሲያነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ስማቸው ራሱ ድምፁ የሚያደርገውን ይናገራል፦ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድፋት ድምፁን ወደ ታች ይደፋዋል፣ ይዘት ይይዘዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሎቱን አላስተምርም፤ ሐሳቡን ግን እጠቀምበታለሁ።

እንዲህ ነው የማሠራው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ደቂቃ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ ያዳምጣሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስከፍት እርሳሳቸው ከወረቀቱ ሳይነሳ ዜማው ሲወጣ እየወጣ፣ ሲወርድ እየወረደ ይሄዳል። ሦስተኛ ጊዜ ለሚሰሙት መንቀጥቀጥ፣ መንሸራተት፣ መቆም የራሳቸውን ምልክት ይፈጥራሉ፤ ስምም ያወጡለታል። ከዚያ ወረቀቱን ከጎረቤት ጋር ተለዋውጠው ያንን መስመር በድምፃቸው ለማንበብ ይሞክራሉ። ሳይገባቸው ሲቀር «ምልክትህ ግልጽ አይደለም» ይባባላሉ። እዚያ ላይ ነው ጽሕፈት ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው። የኖታ ወዳድ አምስት መስመር ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ መልስ ሆኖ ይመጣል።

ለ10ኛ ክፍል ደግሞ «ተቀበል»ን ሞክሪ። አዝማሪ ቤት እንደሚደረገው፣ አንዱ ልጅ ስንኝ ይሰጣል፣ ጓደኛው በትዝታ ዜማ ይቀበለዋል። ቤቱ ስድስት ስድስት ይሁን፣ የወል ቤት። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ ሰንብቶ እንዲህ ብሎ ሰጠ፦

ክራሩን ሳትቃኘው ለምን ትመታለህ፣
ክሩ ቢበጠስብህ በምን ትሰፋለህ።

ጓደኛው ተቀበለው፣ ዘፈነው፣ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተያዘ። ሰሙን ክፍሉ ሁሉ ሰማ፤ ወርቁን ሁለቱ ብቻ ያውቁታል። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

የሚኒባስ_ልጅ
ጥቅምት 15፣ ጠዋት 2፡30

ማርክስ እንዴት ትሰጣላችሁ? እኔ እስካሁን የተቸገርኩበት እሱ ነው።

ጋሽ_ከበሮ
ጥቅምት 15፣ ጠዋት 4፡45

ለድምፅ ውበት አልሰጥም። ከመጀመሪያው ሳምንትና ከመጨረሻው ሳምንት ያንኑ ሥራ እያሠራሁ በመካከል የሄዱትን መንገድ አያለሁ። 1 ላይ መግጠም ያቃተው ልጅ ታኅሣሥ ላይ ገጥሞ ከተገኘ ሙሉ ማርክ ነው። በቡድን ለሚሠሩት ደግሞ ሌላውን ማዳመጣቸውን አያለሁ፤ ብቻውን እየጮኸ ቡድኑን የሚውጥ ጎበዝ ልጅ ከእኔ ሙሉ አያገኝም።

ብሌን_መምህርት
ጥቅምት 21፣ ማታ 2፡15

ሰኞ ሞከርኩት። ልንገራችሁ።

ጠመኔ ሳልይዝ ገባሁ። ተነሱ አልኳቸው፤ ቅጣት መስሏቸው ተያዩ። እስከ ስድስት መቁጠር ጀመርን። ጋሼ እንዳሉት ሁለት ደቂቃ አልበቃንም፣ አምስት ፈጀ። በመስኮት በኩል 1 እና 4፣ በበሩ በኩል 1፣ 3፣ 5። ሦስት ጊዜ ፈረሰ። አራተኛው ላይ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ (ያ ኮሪደር ላይ በር ሲመታ ያየሁት) «ቲቸር፣ እኔ 1ን ልያዝላቸው?» ብሎ ዴስኩን በመዳፉ ጠበቅ አድርጎ መምታት ጀመረ። በእሱ ላይ ሁሉም ተሰበሰቡና ገጠመ። ማንም ሳያዛቸው ትከሻቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። 54 ልጅ!

ደወሉ ሲደወል አላቆሙም። እኔም አላስቆምኳቸውም። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህር በር ላይ ቆመው ጨርሰን እስክንወጣ ጠበቁን፤ ይቅርታ ስጠይቃቸው እግራቸው 1 እና 4 እየመታ ነበር።

ጠርሙሱን ለሚመጣው ሳምንት አዘጋጅቻለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ መዝናኛ ክበብ አሥር ባዶ ጠርሙስ ሰጥተውኛል። ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ስሞክር ግን ሶ እና ላ አልወጣ አሉኝ። ውሃ ስጨምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ግን ከተወሰነ በኋላ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ምን አጠፋሁ?

ፊዚክስ_10ኛ
ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡00

ምንም አላጠፋሽም። ዶን ከፍ አድርገሽ ስለጀመርሽ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ባዶውን ተጠቀሚና የሚሰጠውን ድምፅ ዶ በዪው፣ አፑ ምንም ይበል ምን፤ ሌሎቹን ከእሱ ቁጠሪ። ለሶና ለላ ከንፈርሽን ጠበብ አድርጊ፣ ትንፋሹ ቀጭንና ፈጣን ይሁን። ለትዝታ ማይነር የምታፈሺውን ውሃ ደግሞ በጠብታ አድርጊው፤ አየሩ ባጠረ ቁጥር ትንሽ ውሃ ብዙ ይቀይራል። ከቃኘሽ በኋላ የውሃውን ልክ በፓርከር ጠርሙሱ ላይ አስምሪ፤ ክፍል ውስጥ ሲደፋ ወዲያው ትሞዪዋለሽ።

ብሌን_መምህርት
ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡40

ወጣ! ላ ራሱ ወጣ። የ6 ዓመት ልጄ ከእንቅልፏ ተነስታ ሶን ይዛለች፣ አልለቅም ብላለች።